መብራት መጫጫር

እናቴና የጎን ጎረቤታችን እሳት ተጫጭረው የኖሩ ሴቶች ናቸው። ለአባባል አይደለም፤ ሰቆጣ በዚሁ ግቢ ስላደግሁ በዓይኔ ያየሁት ነው። የአንዷ ምድጃ ሲጠፋ ሌላዋ ፍም በገል ይዛ በካቡ ላይ ታቀብላታለች። እሳት ለጎረቤት መከልከል እኛ ዘንድ ከስድብ ይብሳል። ዛሬ ሁለቱም በባለሙያ የተዘረጋ የየራሳቸው ቆጣሪ አላቸው። መጀመሪያ የገባው ግን ለእናቴ ብቻ ነበር፤ ያኔ ሁለቱ ምን እንደሚያደርጉ መገመት ነበረብኝ።

እኔ ዝቋላ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ለክረምት እረፍት ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ጠበቀኝ። ከእናቴ ሳሎን የተነሳ ገመድ በመስኮቱ ሾልኮ፣ ካቡን ተሻግሮ፣ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ ማድቤት ታክኮ ወደ ቤቷ ይገባል። ከተለያየ ቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ነው፤ መገጣጠሚያው ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሏል።

«ማን ሠራው?» አልኩ።

«እኛ» አለች እናቴ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ።

ስድሳን የተሻገሩ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በሽንኩርት ቢላዋ ገመድ እየላጠች፣ ሌላዋ በዘንግ ካቡን እያሻገረች፣ የራሳቸውን መስመር ዘርግተዋል። ስምም አውጥተውለታል፦ መብራት መጫጫር።

«ስትሠሩት አጥፍታችሁት ነበር?»

«አጥፍተነውማ በምን ብርሃን እንይ?»

ተቆጣሁ። ግን አልዋሽም፣ የተቆጣሁትን ያህል ኮርቼባቸዋለሁ። የጎረቤታችን አንድ ልጅ ዓረብ አገር ናት። ቀድሞ ስልኳን ለማስሞላት እስከ ገበያ ትወርድ የነበረችው ሴት፣ አሁን ስልኳን ከግድግዳው ላይ ሰክታ ማታ ማታ ልጇን ታወራለች። ለእሷ መብራት ማለት የልጇ ድምፅ ነው። ባለሙያ እስካመጣ ድረስ ገመዱን እንዳይነኩት አስጠንቅቄ ባለሙያ ፍለጋ ጀመርኩ።

ገመዱንስ አልነኩትም። በሐምሌ የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጎረቤታችን በካቡ ላይ ጠራችኝ። ስሄድ መዳፏን ከማድቤቷ ቆርቆሮ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች።

«ና እስኪ ልጄ፣ አንተም ወገቤን ትል የለ? ንካውማ። ውርር ያደርጋል። ጠዋት ማታ እየነካሁት ጉልበቴ ተፈታልኝ እኮ፤ ቁርጥማቴን ነቅሎ ጣለው።»

ጮህኩባት። ሁለተኛ እናቴ ናት፣ በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌባት አላውቅም። ደንግጣ እጇን አነሳች። የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተር አምጥቼ ቆርቆሮውን ስነካው መብራቱ ቦግ አለ። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ነፋስ ሲፈትገው የከረመው ገመድ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል።

ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። የጓደኛዋ ሕክምና በጣም አስቋታል።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልገደላት?»

«ጫማዋ ነው ያተረፋት፤ ላስቲክ ነው። በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ ብትነካው አትተርፍም።»

የእናቴ ሳቅ ቆመ።

«ነገ እኮ ፍልሰታ ነው» አለች።

ልጇ ከአገር ከወጣች ወዲህ ጎረቤታችን ፍልሰታን የምትጾመው በባዶ እግሯ ነው። ልጇን በሰላም እንድትመልስላት ለእመቤታችን የተሳለችው ስለት ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሁለቱን ሱባኤ ጫማ አታደርግም። ከቅዳሴ በጭቃ እግሯ ተመልሳ፣ እንደ ልማዷ ቆርቆሮዋን ልትዳብስ ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ ቶሎ የገባት ግን እናቴ ናት።

«ከቆጣሪው አጥፋው!» አለችኝ። አጠፋሁት። ወጥታ ገመዱን ከካቡ ላይ እየሳበች በክንዷ ጠቀለለችው። ጎረቤታችን ኮሽታውን ሰምታ ብቅ አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ የሚያወሩት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው። የሚስቁትም፣ ሰው የሚያሙትም በእሱ ነው። ከእኔ ጋር ይደባልቁታል እንጂ፣ አማርኛቸው በአብዛኛው ለቢሮና ለሐኪም ቤት ነው። ያን ቀን ጎረቤታችን እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና በአማርኛ፣

«እርስዎ እሳት ከለከሉኝ?» አለቻት።

እናቴ ክው አለች። አርባ ዓመት ሙሉ አንቺ ስትላት የኖረች ሴት ናት አንቱ ያለቻት። ሊገድልሽ ነው ብላ በኽምጣና ለማስረዳት ሞከረች። እኔም በመሐል ገብቼ ስለ መዳብና ስለ ዝናብ ለፈለፍኩ።

«ስነካው የከረምኩት ዛሬ ሊገድለኝ? መድኃኒቴን ቀሙኝ፣ የልጄን ድምፅ ቀሙኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለችና በሯን ዘጋች።

እናቴ ገመዱን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ትቀየመኝ» አለች። «በሕይወት ቆማ ትቀየመኝ።»

የእኛን መብራት ልመልሰው ወደ ቆጣሪው ስሄድ «ተወው!» ብላ ጮኸችብኝ። «እሷ በጨለማ እየጾመች እኔ አምፖል ሥር ልቀመጥ? የእሷ እስኪገባ የእኔም አይበራም።» እኔንም ማንም ሳያማክረኝ ጨለማ ገባሁ። አጉረመረምኩ፤ የሰማኝ የለም። ባለሙያውም ክረምቱ ካልወጣ አይሆንም አለኝ።

ሱባኤው በኩራዝ ተጀመረ። ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት ስልኳን ያለ ሰላምታ በካቡ ላይ ትዘረጋልኛለች፤ ገበያ አስሞልቼ በዚያው በካቡ ላይ እመልሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አይተያዩም። እሳት የከለከለች እየተባለ መታማቱ አልቀረም፤ እናቴ ለማንም መልስ አልሰጠችም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኗን ከጓደኛዋ እግር ላይ አታነሳም ነበር። ጭቃ የለበሱ፣ የተሰነጣጠቁ፣ ደህና የሚራመዱ እግሮች። እናቴን ሁልጊዜ እወዳታለሁ፤ እንደዚያ ሰሞን ግን አድንቄያት አላውቅም።

ሁለተኛው ሱባኤ እንደተጋመሰ፣ አንድ ቀን ሲመሽ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን የጠፋ ኩራዝ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እናቴን አላየቻትም፤ ኩራዙን ብቻ ዘረጋችላት።

«እሳት ጫሪልኝ» አለች፣ በኽምጣና።

እናቴ ኩራዟን አዘንብላ ክሩን ከክሩ አገናኘችው። እስኪይዝ ድረስ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ጉልበትሽስ?» አለቻት እናቴ።

«ይቆረጥመኛል! መድኃኒቴን ወስደሽብኝ!» አለችና ገብታ ከጎኗ ተቀመጠች።

ክብሪት ነበራት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከተሞላው ስልኳ ጋር በካቡ ላይ ያቀበልኳት እኔው ነኝ።