ወፍጮውን እንደ ወፍጮ የሚያሰማ ቴፕ

በካሴቱ ላይ ስም አልጻፍንበትም። ለዛሬ ልጆች ይህ ስንፍና ሊመስላቸው ይችላል። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን ስንዘምር ግን ስም መጻፍ ሰው ማሳሰር ነበር። በኋላ ተነስተው "ያ ድምፅ የኔ ነው" ለማለት ሰዎችን ያመቻቸውም ይኸው ነው። ሰዎች ስል አንዲት ሴት ማለቴ ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን አልልም።

መዝሙሩ የተቀዳው ናዝሬት፣ እኛ ቤት ነው። ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኝ ነበር። ወፍጮው ሲፈጭ እንዘምራለን፤ ሲቆም ዝም እንላለን። የዚያን ቀን እሷና እኔ፣ የሚቀዳው የቤተ ክርስቲያናችን ወንድምም ሦስተኛ ሆኖ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን ጀመርን። መዝሙሩ መሀል ላይ ወፍጮው ድንገት ጸጥ አለ። ስትዘምር የነበረችው ደንግጣ ድምጿ አልወጣ አላት። ወፍጮው እንደገና ሲነሳ ሌላዋ ከመጀመሪያው ዘመረችው፤ ያለን አንድ ካሴት ብቻ ስለነበር የፊተኛው ላይ ደርበን ቀዳነው።

የደነገጠችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ የደነገጥሽው አንቺ ነሽ ትለኛለች። የቀዳው ወንድም ብዙም ሳይቆይ ታሰረ፤ ሲፈታም ወደ ናዝሬት አልተመለሰም።

ካሴቱ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠ ሞጆ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ ደረሰ። ሰው በሹክሹክታ "የናዝሬቷ ዘማሪ" ሲል እሷ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትላለች። በሰው ፊት አዎ አላለችም። አይደለሁም ግን መቼ አለች? በየሄደችበት ቤት የክብር ወንበር ይለቀቅላት ጀመር። እኔ ዘምሬ እንዳላሳይ እንቅርት ወጥቶብኝ በሐኪም ከተቀደድኩ ወዲህ ድምፄ ሻክሮ ቀርቷል። የቀረኝ ምስክር ካሴቱ ብቻ ነበር።

የምስክሩ ቃል ግን አንድ አይደለም። በቤታችን ቴፕ ስሰማው እኔ ነኝ። ወደ ሶደሬ ስንሄድ በዘመድ መኪና ቴፕ ስሰማው እሷ ሆነች። ሻሸመኔ በአንዲት እህት ቤት ደግሞ ሁለታችንንም ሳይሆን ቀረ። አንድ ካሴት እንዴት ሦስት ሴት ይሆናል?

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሄድኩ።

"አከም ጅርታ፣ እንደምን አለሽ ልጄ፣ ምን ተበላሸብሽ?"

"የማይዋሽ ቴፕ እፈልጋለሁ፣ አባባ።"

ሳቁ። "ካገኘሽ ለኔም አንድ ያዢልኝ።" ከዚያ መደርደሪያቸው ላይ ያሉትን በጣታቸው እያሳዩ፣ "ይሄ ወፍራም ድምፅ ይወዳል፤ ያ ቀጭን። ሁሉም ከራሱ ይጨምራል። ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያሰማ ከፈለግሽ በደንብ በምታውቂው ድምፅ ፈትኚው።"

"የጠፋብኝ የማውቀው ድምፅ ነው እኮ! የራሴ!"

"የራስሽን ተዪው። የራሱን ድምፅ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ሌላ የምታውቂው የለም?"

ወፍጮው ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ካሴቱ ላይ ለትንሽ ጊዜ ወፍጮው ብቻውን ይሰማል። ወፍጮው ደግሞ እዚያው ነው፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ክፍል። ልጆቼን የወለድኩት በሱ ጩኸት ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልተዋስኩት ቴፕ የለም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ካሴቱን ከፍቼ፣ አንድ ጆሮዬን ለቴፑ ሌላውን ለግድግዳው እሰጣለሁ። አንዱ ወፍጮውን ንብ አደረገው። አንዱ ከበሮ። ባለቤቴ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ መዝሙር ልትሰሚ ነው ወይስ ዱቄት ልታስፈጪ?" ይለኛል። ለእህቱ እንደሚያወራላት አውቃለሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ቴፕ አዋሱኝ። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የሌለበት፣ መልከ ጥፉ። ስከፍተው የሠራ አልመሰለኝም፤ የሚሰማኝ ወፍጮው ብቻ ነበር። ሳጠፋው ግማሹ ወፍጮ ቆመ። እንደገና ከፈትኩት። የትኛው ከግድግዳው፣ የትኛው ከካሴቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሴት ናት። ቀጠን ያለች፣ ያልፈራች። የማላውቃት። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ትንፋሽ ስትወስድ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። የባለቤቴ እህት እስከ ዛሬ እንደዚያ ታደርጋለች። ግን እኔም ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ይዞኝ ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አስጠራኋት።

"እትዬ፣ እስቲ ይህን ያዳምጡ።"

"በዚህ የከሰል ምድጃ በሚመስል ነገር?" አለች። ተቀመጠች። ዘማሪዋ አፍንጫዋን ሳብ የምታደርግበት ቦታ ሲደርስ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቀረች። ሲያልቅ ቴፑን ራሷ ዘጋችው።

"ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ! ስንት ዓመት ፊትሽን ስታጠቁሪብኝ ኖርሽ። በይ ደስ ይበልሽ!"

ስለ አፍንጫው ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ለዓመታት የጠበቅሁት ቃል ነበር፤ በገዛ እጄ ልመልሰው?

ቴፑን ስመልስ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። "መልካም" አሉ። "ያኔ የቀዳውስ ቴፕ? እሱ ከራሱ አልጨመረም?"

እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጠይቋት "እኔ አይደለሁም፤ የወንድሜ ሚስት ናት" ማለት ጀመረች። ሰው ምን አለ? "እንዴት ያለች ትሑት ሴት ናት!" አለ። ወንበሩን ያኔም ለሷ ለቀቁላት።

ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል። ካሴቱ እኔ ጋ ነው። ስም ልጽፍበት ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።