የፈታሁት እጅ

በማሽን የሚተነፍስ ሰው እጁ ይታሰራል። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ነው። ሕመምተኛው ከማስተኛ መድኃኒቱ ነቃ ማለት ሲጀምር ጉሮሮው ውስጥ የገባውን ቱቦ መዝዞ ሊጥል ይሞክራል። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እሞክራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎች በጥጥ ጠቅልለን፣ ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ ላላ አድርገን እናስራለን። ቤተሰብ የሚታየው ግን ጥጡ ሳይሆን መታሰሩ ነው። "ምን አጠፋ ብላችሁ ነው እንደ ሌባ የምታስሩት?" ያላለኝ አስታማሚ ጥቂት ነው።

ሀዋሳ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው ሥራዬን ሲሰማ "ነፍስ ታተርፊያለሽ!" ይለኛል። እኔ በአብዛኛው የማደርገው አክታ መምጠጥ ነው። አክታ እመጥጣለሁ፣ የማይናገር አፍ አጥባለሁ፣ ጀርባ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ሰው አገላብጣለሁ፣ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ምን ፈልጎ እንደጮኸ ለማወቅ እሮጣለሁ። ቤቴ ገብቼ እንኳ ደጅ ላይ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ እጄ የሚያጠፋው ቁልፍ ይፈልጋል። ወገቤማ የእኔ መሆኑን ከተወ ቆይቷል።

የዚያ ሳምንት ሕመምተኛዬ እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ከባድ የሳንባ ምች ይዞት ማሽን ላይ ከዋለ ስድስተኛ ቀኑ ነበር፣ እየተሻለውም ነበር። መድኃኒቱን ስለቀነስንለት ዓይኑን ይከፍታል፣ "እጄን ጨብጠኝ" ስለው ይጨብጣል። ሐኪሙ ጠዋት ሲዞር ደረቱን አዳመጠና "ነገ ጠዋት ቱቦውን እናወጣለታለን፣ ራሱ ይተነፍሳል" አለኝ። ዛሬ ለምን አይሆንም ብዬ ጠየቅኩ። ደክሞኛል፣ አንድ ሰው ቢቀነስልኝ ደስ ይለኛል። "ሳንባው አንድ ቀን ይቀረዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎኝ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ለሚስቱ በር ላይ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለዘመድ ሁሉ ደወለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመልሳ መጣች። "ሲስተር፣ አባቱ ከገጠር መጥተዋል። ሁለት መኪና ቀይረው ነው የመጡት።"

"ይግቡ። አምስት ደቂቃ ብቻ።"

አልሄደችም። "ሲስተር፣ እጁ…"

"እጁ ምን ሆነ?" አልኳት። ምን ልትል እንደሆነ አውቃለሁ።

"ታስሮ እንዳያዩት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሰፈራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ታስሮ ካዩት እዚሁ ይወድቁብኛል። በጌታ!"

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ስንቱን አይሆንም ብያለሁ፤ በዚህ የተነሳ ልበ ደንዳና የሚል ስም እንዳለኝም አውቃለሁ። ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አልተቀመጥኩም ነበር። አንዷ ባልደረባዬ ቀርታ የእሷንም ሕመምተኛ ደርቤ ይዣለሁ። መከራከርም አቅም ይጠይቃል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ድካሙ ብቻ አይደለም። የገዛ አባቴ እኔን እንዲህ ታስሬ ቢያየኝ ብዬ አሰብኩ። አጠገቡ እቆማለሁ፣ እጁን ወደ ቱቦው ከላከ ቀድሜ እይዘዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ፋሻውን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

የጠበቅኩት እጁን ነው። ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

አባቱ ገቡ። ረዥም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸው ላይ የእኛን ጋዋን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ልጃቸው አያቸው። እኔም እዚሁ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ማወቅ ነበረብኝ። አባት ቆሞ ልጅ ተኝቶ አይቆይም። ሰውየው በሁለት ክርኑ ተደገፈና ብድግ አለ። ስድስት ቀን ሙሉ እኛ ያገላበጥነው ሰው ከወገቡ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ አንገቱንም ለአባቱ ዝቅ አደረገ። እኔ እጁን ለመያዝ እጄን ስዘረጋ ከማሽኑ የሚመጣው ቱቦ ተወጠረ። ማሽኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጉሮሮው ውስጥ የነበረው ተመዞ ወጣ።

ማሽኑ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ሽማግሌውን ማን ገፍቶ እንዳስወጣቸው አላስታውስም፣ ምናልባት እኔ ነኝ። ሐኪሙ እየሮጠ መጣ፤ አፍንጫና አፉን በጭምብል ሸፍነን በእጅ አየር ሰጠነው። ሳለ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ተፋ፣ ከዚያ በራሱ መተንፈስ ጀመረ። "እስቲ እንየው" አለ ሐኪሙ፤ ኦክስጅን ብቻ አደረግንለት።

ሦስት ሰዓት ተነፈሰ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአልጋው አልራቅኩም፣ ትንፋሹን እቆጥር ነበር፣ እግዚአብሔርንም እለምን ነበር። አንዴ በሻከረ ድምፅ የሆነ ነገር አለ። ውኃ የጠየቀ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

"አባቴ መቀመጫ አገኙ?" ነበር ያለው።

"አዎ፣ ተቀምጠዋል" አልኩት። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ፣ ይቁሙ፣ አላየሁም።

አመሻሽ ላይ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሳና ይወርድ ጀመር። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሐኪሙ እንደገና አስተኝቶ ቱቦውን መልሶ ለማስገባት ሲሞክር ጉሮሮው አብጦ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ በዚያ መሃል አንጎሉ አየር አጥሮት ቆየ። ከዚያ በኋላ "እጄን ጨብጠኝ" ስለው አልጨበጠኝም። በአራተኛው ቀን አረፈ።

መዝገቡ ላይ የሆነውን ጻፍኩ፤ እጁን የፈታሁት እኔ መሆኔንም ጻፍኩ። ለአለቃዬም ነገርኳት። ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ፣ ቀጥላ ደግሞ ሻይ ጋበዘችኝ። ሐኪሙ "ሳንባው በነጋታውም ብናወጣው እንቢ ሊል ይችል ነበር" አለኝ። ሊል ይችል ነበር። በዚህ ቃል ግን እንቅልፍ አይወስድም፤ ሞክሬዋለሁ።

አስከሬኑን ሊወስዱ የመጡ ቀን አባቱ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ባይሰድቡኝም ለሚስቱ ያልነገርኳትን፣ ቱቦው የወጣው እጁን ስለፈታሁት መሆኑን፣ ለእሳቸው ልነግር ቆርጬ ነበር። እሳቸው ግን አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ስላልሆነ ቃሉን አንድ አንድ እየመረጡ፣ ቀስ ብለው ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ስገባ ተነሳልኝ።"

"አዎ አባባ።"

"እንደዚያ ታሞ! ወንድሞቹ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። አገር ሁሉ ሰማ።" ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ምራቴ ነገረችኝ። ታስሮ ነበር አሉ። አንቺ ነሽ የፈታሽው።"

"እኔ ነኝ።"

"ባትፈቺው መነሳት ይችል ነበር?"

አሁን ብናገር ከልጃቸው የቀራቸውን እወስድባቸዋለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ያልሠራሁትን በጎነት እቀበላለሁ።

"አይችልም ነበር" አልኳቸው። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ፣ እና ቆመው ጠበቁ። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም።

ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁና "አሜን" አልኩ።