የእህቴ ስም ከየት ወገን ይጠራ

በረሃቡ ዓመት እናቴ ታናሽ እህቴን ይዛ እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ደሴ መንገድ ወረደች። የተመለሰችው ብቻዋን ነው። በግፊያው መሀል የልጅቱ እጅ ከእጇ አመለጠ። አንዱ ሰው፣ ሕፃናት የሚሰበስብ መኪና ወስዷታል አላት፤ ሌላው ከሞቱት ጋር አይቻታለሁ አለ። እኔ ያኔ መካነ ሰላም ዘመድ ቤት ሆኜ እማር ነበር። የሰማሁት ለፋሲካ ስመጣ ነው።

አባቴ እያደር እንደሞተች ቆጠራት። ለወላጆቹ ሙት ዓመት ሲሄድ የክርስትና ስሟን ለደብሩ ቄስ ሰጥቶ ከሙታን ጋር አስጠራ። እናቴ ለእኒያው ቄስ ያንኑ ስም ለሕያዋን ጸሎት ሰጠች። ቄሱ ቤታችን ድረስ መጡ።

«ተስማሙና ንገሩኝ እንጂ! አንዷን ልጅ ዛሬ ነፍስ ይማር፣ ነገ ዕድሜ ይስጣት ልበል?»

«ዕድሜ ይስጣት ይበሉ» አለች እናቴ። ወደ አባቴም ዞራ፣ «አንቱ፣ ልጄን በቁሟ ይቀብሯታል?»

«ታዲያ የት አለች?» አለ አባቴ።

አብዮቱ መጥቶ መሬት ሲከፋፈል የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች የቤተሰባችንን ብዛት ጠየቁ። አባቴ «ሦስት» አለ። እናቴ ከበስተኋላው «አራት» አለች።

«የሌለ ሰው ያርሳል እንዴ?» ብሎ አንድ ጎረቤታችን ሳቀባት።

«ስትመጣስ ምን ልትበላ ነው?»

የተሰጠን የሦስት ሰው ነበር። እናቴ ግን ከጓሮው ዳር ትንሽ ቦታ ለይታ በእህቴ ስም ገብስ ትዘራበት ነበር። ያንን ገብስ አጭደን ስንበላ ምን እያደረግን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ዛሬም አይገባኝም።

አሁን አባቴም እናቴም የሉም። በቅርቡ ለእናቴ ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የዛሬው ቄስ ወጣት ናቸው፤ ታሪካችንን አያውቁም። የአባቴንና የእናቴን ስም ነገርኳቸው።

«ሌላስ፣ እናቴ?» አሉኝ።

የእህቴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

«ከሙታን ነው?»

«እሱን አላወቅሁም፣ አባ። እንዲሁ አይጠሩትም?»

«ጸሎቱ እኮ ለየብቻ ነው። ቁርጡን ይንገሩኝ።»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የከለከለችውን በሙት ዓመቷ ላድርገው? እህቴ ሞታ ከሆነ ደግሞ ያለ ፍትሐት ልተዋት?

ከኋላዬ ተራ የምትጠብቀው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንቺ ቅደሚ» አልኳትና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄጄ ቆምኩ።