ባናው ሳይረገጥ አያልቅም

ወገኖቼ፣ የጌታ ስም የተባረከ ይሁን! ሰው ፊት መቆም እንደምፈራ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ደግሞም ባለፈው እዚሁ ቆሜ የተናገርኩትን ማቃናት አለብኝ።

ያደግሁት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከበግ ጠጉር ባና፣ ያንን ወፍራም የብርድ ልብስ፣ ይሸምን ነበር። እኔና እናቴ የተሸመነውን በሙቅ ውሃ እየነከርን፣ ጠጉሩ እስኪጠብቅ በእግራችን እንረግጠዋለን። ስንዘፍን ይሰማንና "ባና ነው የምትረግጡት ወይስ ሠርግ ላይ ናችሁ?" ይለን ነበር። ያ ሳቁ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ለሥራ ደብረ ብርሃን ሄጄ ጌታን ሳገኝ እናቴ "ማተብሽን በጠስሽ!" ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣ፤ ካንሰር ሆነ። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች እብጠቱን ብቻ አውጥተው ጡቴን አተረፉልኝ። ሃሌሉያ! ዶክተሯ ግን "እህቴ፣ ጡትሽን ያልቆረጥነው የጨረር ሕክምና ይከተላል ብለን ነው። በቀጠሮሽ ካልመጣሽ እዚያው ሊመለስ ይችላል" አለችኝ።

እኔስ? እዚህ ቆሜ "ድኛለሁ፣ አልቋል!" አልኩ። እናንተም እልል አላችሁ። ከዚያ ወዲያ ለጨረር ብሄድ ጌታን የማሳፍር መሰለኝ። የቀጠሮውን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ደብቄ አገሬ ገባሁ።

አንድ ቀን እናቴ መጽሐፉን ስታነሳ ወረቀቱ ወደቀ። "ምንድን ነው?" አለች። እየፈራሁ ነገርኳት።

"አንቺ የሸማኔ ልጅ አይደለሽም?" አለችኝ። "ከሸማኔ እጅ የወጣ ባና ሳይረገጥ አለቀ ይባላል? አባትሽ ቢሰማ ይስቅብሽ ነበር! አምላክ የጀመረልሽን አታቋርጪበት። ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ወገኖቼ፣ ጌታ በእናቴ አፍ ተናገረኝ! ክብር ለእርሱ ይሁን!

ዶክተሯ "ዘግይተሻል፤ ግን አልረፈደም" አለች። ለሳምንታት ተመላለስኩ። ክንዴን ወደ ላይ አድርጌ ማሽኑ ሥር ብቻዬን ስተኛ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ባና የምንረግጥበትን ዘፈን በልቤ እል ነበር። እናቴ ከበሩ ውጭ ነጠላዋን አጣፍታ በራሷ ጸሎት ትጠብቀኛለች።

ጨረሩን ጨርሻለሁ፤ ለክትትል እሄዳለሁ። ጌታ በሐኪም እጅም ጌታ ነው!

እንደ እኔ አፍሮ ወረቀቱን የደበቀ ካለ፣ ጌታን ይመንና ያውጣው። ብቻውን መሄድ የፈራም ይንገረኝ። ከበሩ ውጭ እኔ እጠብቀዋለሁ።