የአባባ ቶአይ የመሠዊያ ፎቶ

ሳ ዴክ ከተማ ውስጥ የኛን ሰፈር ፎቶ አንሺ፣ ኪየምን የማያውቅ ሙሽራ የለም። አፉ እንደሆነ አይጣል ነው! ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ በ‹ሮው› ነው የማነሳው፣ ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል! ቀለም ቢበላሽ ቤት ገብቼ በአንድ ጠቅታ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ዋይት ባላንስህን፣ የቀለም ልኬትህን እየው እንጂ ያለውን ሁሉ «ጀማሪ!» ብሎ ያሸማቅቀዋል።

የንያን ሠርግ ዕለት የልጅቷ አያት አባባ ቶአይ ጠሩት።

«ስማ፣ ንያን ሻዩን ስታቀርብልኝ መሳቄ አይቀርም። ያኔ አንሳኝ። ስሞት ቤታችን ባለው የአያቶች መሠዊያ ላይ የምትቀመጠው ፎቶ እሷ ናት።»

«ኧረ አባባ፣ ገና መቶ ዓመት ይኖራሉ!»

«መቶውን ተወውና ካሜራህን አዘጋጅ።»

ካሜራው ለካ ትናንት ጥላ ሥር ሲያነሳበት በነበረው የቀለም ቅንብር ላይ ቀርቷል። ይሄ ቅንብር ደግሞ ቀይ ነገር ካየ ያጋግለዋል። የንያን ቀይ ቀሚስ እስክሪኑ ላይ «ብርሃን በዛብኝ፣ ተቃጠልኩ» እያለ ብልጭ ድርግም ሲል ኪየም ፎቶውን አጨለመ፤ አሁንም አጨለመ። አባባ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ፤ እሱም ቀጭ አድርጎ አነሳ።

ቤት ገብቶ ሲከፍተው ቀለሙ እውነትም በአንድ ጠቅታ ተስተካከለ። ሮው ፋይሉ ውስጥ ቀሚሱ ጭራሽ አልተቃጠለም፤ የዋሸችው እስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሿ ፎቶ ናት። በከንቱ ነው ያጨለመው። ፎቶውን ሲያበራው ደግሞ የአባባ ፊት ሰሊጥ የተበተነበት መሰለ። ምን ያድርግ? አለሰለሰው፣ አሁንም አለሰለሰው፣ አሳትሞ ወሰደላቸው።

የንያን አክስት ሉየን ፎቶውን ገና ከማየቷ፣ «ውይ! ይሄ ሻማ የመሰለ ጎረምሳ የማነው? አባባ፣ ከውጭ የወለዱት አለ እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አባባ አልሳቁም። «የልጅ ልጆቼ ሲሰግዱ ለማን ነው የሚሰግዱት?»

«ብርሃኑ እኮ...» ብሎ ጀመረ ኪየም።

«ብርሃኑ ምን ሆነ?»

ጆሮው ቀላ። «ብርሃኑ አይደለም አባባ። እኔ ነኝ። ቅንብሩን ሳላይ ነው ያነሳሁዎት።»

«በል እንደገና አንሳኝ።»

የሐር ልብሳቸውን አስመጥተው ተቀመጡ። ኪየም ነጭ ወረቀት አስይዞ ቀለሙን ለካ።

«እስቲ ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ አባባ።»

«በምኑ? ንያን እንደሆነች ባሏ ቤት ገብታለች።»

ቀለሙ ልክ ወጣ፤ የፊታቸው መስመር አንድ በአንድ ይታያል። ከንፈራቸው ግን ግጥም እንዳለ ነው። ኪየም ሊያሳያቸው ካሜራውን ሲያዞር እሱ ራሱ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።