ያለ ጥፋቱ የተሰደበው የሀያት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን የኮምፒውተር ክፍል አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲለው ኪቦርዱን በመዳፉ መታ አደረገና «የኔ ጥፋት አይደለም፤ ማሽኑ ነው» አለ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ በእሱ የሳቅኩ መስሎት ፊቱን አዞረ። እኔ ግን የሳቅኩት በራሴ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ የነሐሴ ሳምንት፣ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ «ማሽኑ ነው» ስል ሰንብቻለሁ፤ ያውም የሰው ማሽን። ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ትዝታ መጻፌ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት እስከ ሃያ ያለው መንገድ ከውጭ ለሚያየው እንጂ ለሄደበት ሰው አጭር አይደለም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ሥልጠና ጀመርኩ። ቤታችን ጌጃ ሰፈር ስለሆነ የምመላለሰው በእግሬ ነበር። ያን ዓመት ዝናቡ ቀጠሮ የያዝን ይመስል ልክ ከቤት ስወጣ ይጀምራል። ጭቃውን ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ አልፌ አስፋልቱ ላይ ስደርስ፣ በላስቲክ ተጠልለው በቆሎ ከሚጠብሱት ሴቶች ዘንድ ቆም እላለሁ። ትኩሱን በቆሎ በገዛ ልባሱ ጠቅልለው ይሰጡኛል፤ እጄን እያሞቅኩበት ደረጃውን እወጣለሁ። ክፍል ስገባ ጭቃ የነካውን ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር እደብቃለሁ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ያኔ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ሀያትን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከተክለ ሃይማኖት በኩል ነበር የምትመጣው። ቤተሰቦቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ አባቷ መርካቶ ፍራሽ ይሸጣሉ። ሀያት ከዕቃ ጋር ታወራለች። ላፕቶፗ ከወንድሟ የወረሰችው፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው፣ ክዳኑ እንዳይወድቅ ከኋላው መጽሐፍ የሚደገፍለት ነበር። ስትከፍተው «ቢስሚላህ፣ ተነስ የኔ ጌታ» ትለዋለች፤ ሲዘገይባት ደግሞ «አቦ አታሳፍረኝ!» የኔ ላፕቶፕ አባቴ የገዛልኝ፣ የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ ነበር።

አስተማሪያችን ኤልያስ ይባላል፤ ሁላችንም ቲቸር እንለዋለን። ወደ ሥልጠናው መጨረሻ ላይ ክላስተር የሚባል ነገር አስተማረን።

«የታክሲ ተራ አስከባሪ ታውቃላችሁ?» አለን። «ተሳፋሪውን ለየታክሲው ይደለድላል። አንዱ ታክሲ ጎማ ቢተነፍስበት ሰዎቹን አውርዶ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ክላስተር ይኸው ነው። አንዱ ኮምፒውተር ተራ አስከባሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ታክሲ። ተሳፋሪዎቹ ኮንቴይነር የምንላቸው የታሸጉ ፕሮግራሞች ናቸው።»

የመጨረሻው ሥራችን ሁለት ሁለት ሆነን ይህን መገንባት ነበር። በየላፕቶፓችን ላይ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር፣ እንፈጥራለን፤ ከዚያ ሁለቱን እናገናኛለን። የሀያት ተራ አስከባሪ፣ የኔ ታክሲ። የሚያስፈልገውን ሁሉ ቲቸር በፍላሽ ሰጥቶናል። ቅዳሜ ጠዋት ሠርተው ካሳዩት ውስጥ የተሻሉት ሁለት ቡድኖች እሱ በሚሠራበት ድርጅት ለልምምድ ይገባሉ። ለኔ የክብር ጉዳይ ነበር። ለሀያት ግን ከዚያ በላይ ነው፤ አባቷ «ከዚህ ሥልጠና የሚወጣ ነገር ከሌለ ከመስከረም ጀምሮ ሱቅ ትቀመጫለሽ» ብለዋታል።

«ፍራሽ መሸጥ ክፉ ሆኖ አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን። «ግን ፍራሽ አይመልስልኝም። ባወራው ባወራው ዝም ነው።»

የምንሠራው እኛ ቤት ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን መንገድ ዳር ባለው ክፍል ተክሎ ይሰፋል፣ እኛ ከጀርባው ያለው ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር መናገር አለብኝ። ላፕቶፑ በተገዛ ሰሞን አባቴ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና፣

«ብሌኔ፣ ይሄ ሰዓት ተሳስቷል» አለኝ።

«አልተሳሳተም አባዬ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።»

«ታዲያ ቤታችን ፈረንጅ አለ?»

እኔ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ለማስተካከል የምነሳ ልጅ ነበርኩ። ወዲያው ገብቼ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩለት። አባቴ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አመሳክሮ «በቃ፣ አሁን ሰው ሆነ» አለ። እኔም ደስ አለኝና ረሳሁት።

ረቡዕ ዕለት ማገናኘት ጀመርን። የሀያት ማሽን ያለ ችግር ተነሳ። የኔው ሊቀላቀል ሲል ግን አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ መስመር ጽፎ ቆመ። የመስመሩ መጀመሪያ ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበታል ወይም ገና አልጸናም ይላል። ሰርተፍኬት ማለት ተራ አስከባሪው እውነተኛ ተራ አስከባሪ መሆኑን ለታክሲዎቹ የሚያሳይበት መታወቂያ ነው። የሚጽፈው የሀያት ማሽን ነው። ስለዚህ የተበላሸው እሱ ነው ብለን ደመደምን። ሁሉን አፍርሰን አዲስ መታወቂያ አወጣን። ያው መስመር። ሐሙስ ከሀ ጀመርን። ያው። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ሀያት ለኔ ብላ የምስር ሳምቡሳ ይዛ ትመጣለች፤ በሁለተኛው ቀን የሁለታችንም ኪቦርድ በዘይት ወዝቶ ነበር።

«ላፕቶፕሽ አርጅቶ እንዳይሆን» አልኳት፣ በተቻለኝ መጠን ለስለስ አድርጌ።

«የኔ? ይሄ አንበሳ?» አለች መጀመሪያ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ግን ክዳኑን በጥፊ መታችው። «አንተ ፋራ! አዋረድከኝ እኮ!»

አባቴ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ «ምንድነው የሚያጣላችሁ?» ይላል።

«ምንም አይደለም አባዬ፣ ሰርተፍኬት ነው።»

«ከየት ነው የሚወጣው? ከቀበሌ?»

ሀያት ትስቃለች። እኔ ሳልመልስለት ወደ ስክሪኔ እዞራለሁ።

ዓርብ ቀትር ላይ እንደገና ሞክረን ሲወድቅ ሀያት ከወንበሯ ተነሳች።

«ስሚኝ ብሌን» አለች ሻሿን እያስተካከለች። «ሰግጄ ስጨርስ በዚያው ቲቸር ጋ እገባለሁ። የኔ ማሽን እንደማይሠራ እነግረዋለሁ። አንቺን ከሌሎቹ ጋር ሦስተኛ አድርጎ ያስገባሽ። ምን አጠፋሽ?»

«አንቺስ?»

«እኔማ...» ትከሻዋን ሰበቀች። «ፍራሹን እየሞከርኩ ብተኛ ደመወዝ ይታሰብልኝ እንደሆነ አባቴን እጠይቃለሁ።»

ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ቲቸር መልእክቱን መጠየቁ አይቀርም ብዬ በደብተሬ መገልበጥ ጀመርኩ። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሱ እኔ እጽፋለሁ፤ እጄ ካልጻፈው ነገር አይገባኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለታችንም የዚያን መስመር መጀመሪያ እንጂ ጫፉን አንብበን አናውቅም ነበር። ጫፉ ላይ «አሁን ያለው ጊዜ ከዚህ ጊዜ ይቀድማል» ይልና በግሪንዊች አቆጣጠር፣ ማለትም ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ፣ ሁለት ሰዓቶች ያስቀምጣል። አንዱ 03:09፣ ሌላው 09:05።

እጄ ቆመ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ስድስት ሰዓት ይደምራል፣ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል። ቀና ብዬ የስክሪኔን ጥግ አየሁ፤ 6:20። የሀያትን አየሁ፤ 12:20።

ለካ የሀያት ማሽን በቀትር የጻፈውን መታወቂያ የኔ ማሽን የሚያየው በማለዳ ሆኖ ነው። ለእሱ ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ባፈረስነውና አዲስ ባወጣን ቁጥር ቀጠሮውን ወደ ፊት ስንገፋው ኖረናል። እጃችንን አጣጥፈን ስድስት ሰዓት ብንቀመጥ በሩ ራሱ ይከፈት ነበር።

ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ጊዜውን ከላፕቶፑ የሚወስደውን ቨርቹዋል ማሽን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ትእዛዙን ደገምኩ። ከአፍታ በኋላ የኔ ማሽን ስም በሀያት ስክሪን ላይ ታየ፤ ከጎኑ «ሬዲ» ይላል። ስልኬን አነሳሁ።

«ሀያት! እንዳትነግሪው! ሠራ!»

«ወላሂ በይ!»

«እመቤቴን!»

«ምን አድርገሽው ነው?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ላፕቶፗን ያሰደብኩባት ልጅ የራሷን ዕድል ለኔ ልትሰጥ በመንገድ ላይ ናት። አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«እንጃ፣ እንደገና ስሞክረው ሠራ።»

ሀያት በዝናቡ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ላፕቶፗን ሳመችው። «አፉ በለኝ የኔ ጌታ፣ በንዴት ነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ጀለሴ፣ ነፍሴን ነው ያተረፍሽው። ነገ በሰው ሁሉ ፊት ነው የምናገረው።» እኔ ሳምቡሳውን ወደ እሷ ገፋሁት።

ቅዳሜ ተራችን ሲደርስ ክላስተሩ እንደ ሰዓት ሠራ። ቲቸር አየና እጁን አጣጠፈ። «መሥራቱን አየሁ። አሁን የተበላሸውን ንገሩኝ። እንዴትስ አገኛችሁት?»

«ችግሩ የኔ ላፕቶፕ ነው ቲቸር» አለች ሀያት ፈጥና። ከወንድሟ እንደወረሰችው፣ ቁልፍ እንደሚጎድለው፣ ክዳኑ በመጽሐፍ እንደሚቆም እያሳየች ተናገረች። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። «ብሌን ናት በትዕግሥት...»

«አይደለም» አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ የአባቴን ጥያቄ፣ ስድስት ሰዓቱን፣ ትናንት በስልክ ያልኩትን «እንጃ» ጭምር። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ አንዱ «ቤታችን ፈረንጅ የለም በያ!» ብሎ ጮኸ። ቲቸር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«እንጃ ብለሽ ብትቀመጪ ኖሮ አልቀበላችሁም ነበር» አለኝ ሳቁ ሲያልፍለት። «እንዴት እንደዳነ የማይታወቅ ነገር፣ መቼ እንደሚታመምም አይታወቅም።»

ሀያት ብቻ አልሳቀችም። ላፕቶፗን በቦርሳዋ ከትታ ወጣች፤ ተከተልኳት። እስከ ልደታ ማርያም ድረስ ቀድማኝ ሄደች። እዚያ ስንደርስ አንድ በቆሎ ገዛች፣ ለሁለት ሰበረችውና ትንሹን ሰጠችኝ።

«ሦስት ቀን» አለች። «በገዛ እጄ በጥፊ መታሁት እኮ!»

«ይቅርታ ሀያትዬ።»

«እኔን አይደለም። እሱን በይው።» የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች።

ነጠላ የለበሱ ምእመናን በአጠገባችን እያለፉ፣ ቦርሳው ላይ አጎንብሼ ላፕቶፑን ይቅርታ ጠየቅኩት። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ማራገቢያዋን አቁማ «ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ?» አለችን። ያኔ ነው ሀያት የፈነዳችው። ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ አባቴ የፈረንጁን ሰዓት መልሶ ሲያይ ምን ሊል ነው? መፍትሔውን ያገኘችው ሀያት ናት። «ሰዓቱን አትንኪው። አገሩን ቀይሪለት» አለች። ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልጋ ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነችውን ቦነስ አይረስን መረጠች። ኮምፒውተሩ ውስጡ ትክክለኛውን ጊዜ እንደያዘ፣ ስክሪኑ ላይ ግን የኛው ሰዓት ቁጭ አለ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይምጡ ይዩ፤ የእርስዎ ሰዓት ተመልሷል» አለችው። «አርጀንቲና ነው የወሰድነው።»

አባቴ የኳስ ሰው ነው። «አርጀንቲናዎች የኛን ሰዓት ነው የሚቆጥሩት? አሁን ገባኝ የሚያሸንፉት!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አልሄደም።

ሰኞ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስማችን ሁለተኛ ላይ ነበር። ሀያት ልምምዱን ጨርሳ እዚያው ተቀጠረች። ስንደዋወል አንዳንዴ ንግግሯን አቋርጣ ሰርቨር ስትቆጣ እሰማለሁ።

ባለፈው እሑድ ቤት ሄጄ ነበር። አባቴ ያንኑ የአርጀንቲና ወሬ ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። ሰውየው ሲሄድ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እውነቱን ነገርኩት፤ አርጀንቲናዎች የኛን ሰዓት እንደማይቆጥሩ፣ እሱን ደስ ለማሰኘት ስል ያደረስኩትን ሁሉ። የስፌት መኪናውን አቆመ።

«እኔ መች ሰዓቱ ከፋኝ?» አለ። «ቀኑን ሙሉ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ትውያለሽ። ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ላወራሽ ፈልጌ ስክሪኑን ባየው፣ ከዚያ ሁሉ ነገር የማውቀው ሰዓቱን ብቻ ነበር። እሱን ይዤ መጣሁ። አንቺ ሰዓቱን አስተካከልሽና ዞር አልሽ።»

ለሰው ደስታ መሮጥ ጥሩ ጠባይ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ ስሮጥ ሰውየውን አልፌው እንደምሄድ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ላፕቶፔን የተቆረጠው ጨርቅ መሐል አስቀምጬ ከፈትኩ። ጥቁሩን ስክሪን እያሳየሁ ስለ ተራ አስከባሪውና ስለ ታክሲዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። ጠመኔውን በጣቶቹ እያገላበጠ ሰማኝና፣

«ተራ አስከባሪው ራሱ የታመመ ቀንስ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ያን ክረምት ከሁላችንም አንድ ሰው አልጠየቀም ነበር። መልሱን በደንብ አላውቀውም። ስልኬን አወጣሁ፣ ሀያት ጋ ደወልኩ፣ ለእሱ ሰጠሁት።