ፖስታ የሌለው ካርድ

ልጄ ለትምህርት ቤት የጃፓን ፖስትካርድ እየሠራች ነው። የቀለሙ ሽታ ደቡብ አፍሪካ፣ ክሊፕታውን ሰፈር ወደነበረው የአባቴ ስፓዛ፣ ወደዚያች ትንሽ የሰፈር ሱቅ መለሰኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጃፓናዊቷ አስተማሪያችን ብሩሹን ከላይ ጫፉን ይዘን፣ ፊታችን ያለውን አንድ ነገር ፖስትካርድ ላይ በትልቁ እንድንስልና ከጎኑ ጥቂት ቃል እንድንጽፍ አዘዘችን። እኔ የሱቃችንን ጓጉንቸር ሳልኩ። «አባዬ ሁለቴ ይቆልፋል» ብዬም ጻፍኩበት። ሆሳዕና ላለችው አክስቴ የሚላክ ነበር።

አባዬ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ካርዱን አገላብጦ አየው።

«ፖስታው የታለ?»

«የለውም አባዬ። እንዲሁ ነው የሚላከው።»

«ታዲያ በመንገድ ያገኘው ሁሉ ሊያነበው ነው? ማነው ይሄን ሳዪ ያለሽ? ስለ በሩ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

ራሴ ነኝ የመረጥኩት ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ካርዱን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው፤ በማግስቱም ጓጉንቸሩን ቀየረ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ሥዕል የሚፈራ አባት ደሞ የት አለ!

አሁን ልጄ ካርዷን ጨርሳ አቀበለችኝ። የግቢያችንን በር ስላ፣ ከጎኑ «እማዬ ቅዳሜ ብቻዋን ትውላለች» ብላበታለች።

ያምራል ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ማነው ይሄን ሳዪ ያለሽ?» አልኳት።